ሰው የማትስል ካርድ

አንድ ሹፌር ነበረ። ሹፌር ብዬ ስጀምር መጨረሻውን ያወቃችሁት የመሰላችሁ አላችሁ። አላወቃችሁትም። ጠብቁኝ።

ይህ ሰው መርክነህ ይባላል። ከሶዶ አረካ፣ ከአረካ ሶዶ ሚኒባስ ይነዳል። ዕድሜው ያለቀው እዚያ መንገድ ላይ ነው። ቤት አልሠራበትም፣ መሬት አልገዛበትም። አንድ የሚመካበት ነገር ግን አለው። ምንድን ነው? ሰው ገጭቶ አያውቅም። ሹፌሮች መናኸሪያ ተሰብስበው አንዱ እንዲህ ደረሰብኝ፣ ሌላው ከዚህ ተረፍኩ ሲባባሉ፣ እሱ ሁለት እጁን ዘርግቶ ያሳያቸዋል። «እዩት፣ ደም የለበትም» ይላል። ይስቁበታል። ግን ያምኑታል፤ ሚስታቸውን የሚያሳፍሩት በሱ መኪና ነው።

እንዴት ሳይገጭ ኖረ? ፍሬኑ ከሌላው ፍሬን ይበልጥ ነበር? አይደለም። ሰው ያያል። መንገድ ዳር ያለውን ሁሉ በክላክስ ሰላም ይላል። ሸንኮራ ሻጯን እማማ ፋንታዬን ሁለቴ አጭር፣ የወፍጮ ቤቱን ሰውዬ አንዴ ረዥም። እናንተም የምታውቁት ዓይነት ሹፌር ነው። አንዱ ተሳፋሪ ከኋላ «ኧረ ጋሽ መርክነህ፣ ሰላምታው ይብቃንና ርገጠው!» ብሎ ቢጮህበት፣ «አንተንስ መንገድ ዳር ቆመህ ባላይህ ኖሮ አሁን በእግርህ አልነበርክም ወይ?» አለው። መኪናው በሙሉ ሳቀ።

ታዲያ አንድ ቀን ጣሪያ ላይ ወጥቶ የዝንጅብል ጆንያ ሲያስር ገመዱ ተበጠሰና ከነጆንያው ወረደ። እግሩ ተሰበረ። ጄሶ ገባ። ባለ መኪናው ለጥየቃ መጣና ብርቱካን አስቀምጦ፣ «እስክትድን ሌላ ሰው ይነዳልሃል። ስትድን ትፈተንና ትቀበላለህ። እጅህ ከረሳ ግን መርክነህ፣ አትቀየመኝ፣ መኪናዬን አላስነካህም» አለው።

አያችሁ? ለሹፌር ከዚህ በላይ ምን ይባላል? እግሩን ረሳው። እጁን ብቻ ያስብ ጀመር። አልጋ ላይ ተቀምጦ ምግብ ሲቀርብለት ሳህኑን ግራና ቀኝ ያዞራል። ሚስቱ ብርቅነሽ «ሳህኑን ልቀቀው፣ አይታጠፍም» ትለዋለች። ትቀልዳለች፣ ግን ፈርታለች።

በዚህ መሐል ሰፈሩ ውስጥ አንድ ጌም ቤት ተዘጋ። ዕቃው ሲሸጥ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ከነመሪው፣ ከነፍሬኑና ከነነዳጅ መርገጫው ወጣ። የመኪና መንዳት ጨዋታ ነው። መርክነህ ሰማ፣ ዓይኑ በራ፣ ብርቅነሽን ልኮ አስመጣው። ሥዕሉን የምታወጣው ካርድ ግን ተቃጥላለች። ስለዚህ ኮምፒዩተሩን አሸክሞ በክራንች እያነከሰ መናኸሪያ ጀርባ አብነት ጋ ሄደ። አብነት ኮምፒዩተር የሚጠግን፣ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥ ልጅ እግር ነው።

አብነት ሁለት ካርድ ጠረጴዛ ላይ አወጣ። አንዷ ወፍራም፣ ባለ ሁለት ፋን። አንዷ ቀጭን፣ ባለ አንድ ፋን።

«አልዋሽህም ጋሼ፣ ሁለቱም አርጅተዋል። አዲስ ጨዋታ አይችሉም። ያንተን ግን ይችላሉ። ካርዷን ሠዓሊ በላት። ጨዋታው ይነግራታል፣ እሷ ትስላለች። በአንድ ሴኮንድ ስንት ሥዕል ሳለች? ጥግ ላይ የምታያት ቁጥር እሷ ናት። ቁጥሯ ከበዛ መንገዱ ይለሰልስልሃል፤ ካነሰ ይንገጫገጫል።»

«እንደ አረካ መንገድ» አለ መርክነህ።

«አዎ፣ እንደ አረካ መንገድ።»

መጀመሪያ ባለ ሁለት ፋኗን ሰካት። ስክሪኑ ላይ መንደር ወጣ። የዛፍ ጥላ አስፋልቱ ላይ ተኝቷል። ሴቶች ሸክም አዝለው ዳር ዳሩን ይሄዳሉ። አንድ ሰው ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፎ ጫማውን ያራግፋል። ቁጥሯ አርባ ትላለች፣ አርባ አምስት ትላለች።

ከዚያ ነቀላትና ባለ አንድ ፋኗን ሰካ። ያው መንደር፣ ያው መንገድ። ሃያ። ሴቶቹ አንድ እርምጃ ሄደው ቀጥ ይላሉ፤ ደግሞ ዘለው ሌላ ቦታ ይገኛሉ።

«ይቺማ ታማለች።»

«አልታመመችም፣ ሚሞሪዋ ጠባብ ስለሆነ ከብዷት ነው። ዋጋዋ ግን የዚያችኛዋ ግማሽ ነው።»

ግማሽ ሲባል የሰው ጆሮ ይቆማል። እናንተም አሁን ቀና አላችሁ፤ አየኋችሁ።

«ማፍጠን አይቻልም?» አለ መርክነህ።

«ሥራ ከቀነስክላት ትፈጥናለች።» አብነት ጥላውን አጠፋ። ሠላሳ። ሣሩን አጠፋ። አርባ። ከዚያ አንዲት ነገር ነካ፣ ሴቶቹ ከነሸክማቸው ከመንገዱ ላይ ተነሡ። ብስክሌቱ ግድግዳው ላይ እንደተደገፈ ቀረ። ሰውየው የለም። ሰባ።

«ሰው ነው የሚያከብዳት» አለ አብነት። «ሰው መሳል ከባድ ነው። እጁ አለ፣ እግሩ አለ፣ ልብሱ ይወዛወዛል።»

«ታዲያ ይቺ በለጠች እኮ! ያቺ አርባ አምስት፣ ይቺ ሰባ፤ ደግሞ በግማሽ ዋጋ!»

«አልበለጠችም ጋሼ። ጥቂት ስለሳለች ነው። ሁለት ሰው ስታወዳድር ለአንዱ ሙሉ ጆንያ፣ ለሌላው ባዶ ጆንያ አሸክመህ ይሄ ፈጣን ነው ትላለህ?»

«እኔ የምፈልገው መንገዱን ነው» አለ መርክነህ። «ሰው ምን ያደርግልኛል?»

ሰማችሁት? ሰው ምን ያደርግልኛል! ማነው ያለው? መንገድ ዳር የቆመውን ሁሉ በክላክስ ሰላም የሚለው ሰው። ክፉ ሆኖ አልተናገረውም። ቸኩሎ ነው የተናገረው። ቀጭኗን ካርድ ይዞ ገባ።

አሁን ቤቱን አስቡት። ከምሳ በኋላ ነው። ፀሐይ ስክሪኑ ላይ እንዳትወድቅ መጋረጃው ተዘግቷል። መርክነህ ጄሶ ያለውን እግሩን በርጩማ ላይ ሰቅሎ፣ በደኅናው እግሩ ነዳጁን እየረገጠ ይነዳል። መሪው በእጁ ሲገባ ደስታውን አትጠይቁኝ። መንገዱ ይለሰልሳል። ቁጥሯ ሰባ ላይ ቆማለች። ከመንገዱ ይልቅ ቁጥሯን ያያል።

ከዚያ መንደር ደረሰ።

የቤቶቹ በር ክፍት ነው። ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ ንፋስ ያወዛውዘዋል። የጉልት መደቦች ተደርድረዋል፣ ዣንጥላዎች ተዘርግተዋል፣ ከሥራቸው ማንም የለም። የሱ መኪና እንኳ ጥላ የላትም፤ መሬት ሳትነካ የምትሄድ ትመስላለች። ቀኑ ጠራራ ነው። አንድ ሕዝብ በአንዴ ተጠርቶ የሄደበት ቦታ ይመስላል።

ድምፅ ግን አለ። ድምፁን የምታመጣው ካርዷ አይደለችም፣ እሱ ሌላ ነው። ስለዚህ በዚያ ባዶ መንደር ውስጥ ሰው ያወራል። የእግር ኮቴ አለ። ከመኪናው በስተቀኝ በኩል፣ በጣም ቅርብ፣ አንዲት ሴት ትስቃለች።

ብርቅነሽ ውኃ ይዛ ገባች። ቆመች። ብርጭቆውን ሳታስቀምጥ ቆመች።

«ሰዉ የት ሄደ?»

«ካርዷ አትስልም። እንድትፈጥን ነው።»

«ታዲያ የሚያወራው ማነው?»

መርክነህ እጁን ሰደደና ድምፁን ዘጋው። «ይኸው» አላት። ብርጭቆውን አስቀምጣ ወጣች። ከዚያ ቀን በኋላ እሱ ሲነዳ ወደዚያ ክፍል መግባት ትታለች፤ ከበር ሆና ነው የምትጠራው።

አንድ ከሰዓት በዚያው መንደር ሲያልፍ መሪው በእጁ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። መኪናዋ የሆነ ለስላሳ ነገር ላይ ወጥታ ወረደች። ስክሪኑ ላይ ቀይ ምልክት ወጣ፤ የወደቀ ሰው ሥዕል። ፍሬን ያዘ። ወደ ኋላ መለሰ። መንገዱ ላይ ምንም የለም። አስፋልት ብቻ።

ድንጋይ ነው አለ። ነዳ። ከጉልቱ ፊት ለፊት ደግሞ መሪው ተንቀጠቀጠ። ቀይ ምልክት። ምንም የለም። ለአብነት ደወለለት።

«ድንጋይ አይደለም ጋሼ» አለው አብነት። ድምፁ ላይ ቀልድ አልነበረም። «ሰዎቹ አሉ እኮ። ካርዷ አትስላቸውም እንጂ ጨዋታው ያውቃቸዋል። ይሄዳሉ፣ ይሻገራሉ።»

«አሁንም እዚህ አሉ?»

«አሉ። የት ይሄዳሉ?»

መርክነህ ስክሪኑን አየ። ባዶ መንገድ።

«ወይ ካርዷን ልቀይርልህ፣ ወይ ሰዎቹን መልሳቸውና ቀስ ብለህ ንዳ።»

«ቀስ ካልኩ እጄ ይረሳል!» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ጨዋታ ነው አለ ለራሱ። ጨዋታ ነው።

ነዳ። መጀመሪያ መሪው ሲንቀጠቀጥ ልቡ ይደነግጥ ነበር። ቀጥሎ ፊቱን ብቻ ያጠቁር ጀመር። ቀጥሎስ? ቀጥሎ መሪው መንቀጥቀጡንም አያውቀው ነበር። ይሄ ነው የሚያስፈራኝ እኔን። የልብ መድረቅ በጩኸት አይመጣም ወገኖቼ። ሰው አንድ ነገር ሲሰማው ይቆይና፣ አንድ ቀን አይሰማውም።

ጄሶው ወጣ። ባለ መኪናው አጠገቡ ተቀምጦ ፈተነው። መርክነህ መሪውን እንደ ድሮው ያዞራል፤ ማርሹ አይንጫጫም፣ ኩርባው አይከብደውም። «እንዲያውም ፈጥነሃል!» አለው ባለ መኪናው። ቁልፉን ሰጠው። መርክነህ የፈለገውን አገኘ። እጁ አልረሳም።

መንገድ ዳር ያሉት ግን አንድ ነገር አወቁ። ክላክሱ የለም። የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ እጁን እንዳነሣ ቀረ። እማማ ፋንታዬ አንድ ተሳፋሪ ጠርተው «ልጄን ምን ነካው? ኮራ እንዴ?» አሉት። ተሳፋሪው ለመርክነህ ነገረው። «ሴትዮዋ ስታውለበልብልህ አላየሃትም?»

«የቷ ሴትዮ? መንገዱ እኮ ባዶ ነበር» አለ መርክነህ።

ተሳፋሪው ሳቀ። መርክነህ አልሳቀም። ባዶ ነበር። እውነቱን ነው፣ ለሱ ባዶ ነበር።

የገበያ ቀን መጣ። ብርቅነሽ አረካ እህቷ ጋ ልትሄድ ጋቢና ተሳፈረች። መኪናው ሞልቷል፤ ረዳቱ በሩን ሲዘጋ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ነበር። ወጡ። ቀትር ነው። ከከተማው እንደወጡ መርክነህ አንድ ነገር አሰበ። ዛሬ ገበያ አይደለም ወይ? ታዲያ ሰዉ የት አለ?

አስፋልቱ ንጹሕ ነው። በሮች ክፍት ናቸው። ገመድ ላይ ነጭ ልብስ ይወዛወዛል። የጉልት ዣንጥላዎች ተዘርግተዋል፣ ከሥራቸው ማንም የለም። መስኮቱ ክፍት ስለሆነ ድምፅ ይገባል፤ ሰው ይከራከራል፣ አንዱ ዋጋ ይጠራል፣ አንዷ በቀኝ በኩል፣ በጣም ቅርብ፣ ትስቃለች።

በመስታወቱ ወደ ኋላ አየ። ወንበሮቹ ባዶ ናቸው። አንዱ ግን አሳለ። አንድ ሕፃን አለቀሰ። እናት እሹሩሩ አለች። ባዶ ወንበር።

አጠገቡ ያለውን ወንበር ለማየት ፈራ። ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ «ብርቅነሽ?» አላት።

«ወይ» አለች።

«አለሽ?»

«የት ልሂድ? ምን ሆነሃል አንተ?»

መልስ ሊሰጣት አፉን ከፈተ። እግሩ ነዳጁ ላይ ነው። መንገዱ ቀጥ ያለ፣ ለስላሳ፣ ባዶ። ያን ጊዜ ብርቅነሽ ጮኸች።

«ሰው!»

«የታለ?»

«ፊትህ ነው! ፊትህ! መርክነህ!»

ዓይኑ ምንም የለም ይለዋል። ሚስቱ አለ ትለዋለች። ማንን ይመን? እናንተ ብትሆኑ ማንን ታምናላችሁ? ያን ሁሉ ዓመት ያላሳፈረውን ዓይኑን? ወይስ አጠገቡ የምትጮኸውን ሴት? ያቺ ቅጽበት ናት የሰው ሕይወት። መርክነህ ዓይኑን ተወው። ባዶ መንገድ ላይ፣ ማንም ሳይኖር፣ በሁለት እግሩ ፍሬን ላይ ቆመ።

ጎማው አለቀሰ። ከኋላ ጩኸት ሆነ፣ ዕቃ ወደቀ። መኪናው ቆመ።

መጀመሪያ የወጣው ጥላ ነው። አስፋልቱ ላይ፣ ከመኪናው አፍንጫ ሥር፣ አጭር ጥቁር የቀትር ጥላ። ቀጥሎ እግር። በፕላስቲክ ጫማ ውስጥ ያለ አቧራ የለበሰ እግር። ቀጥሎ የቀሚስ ጠርዝ። ቀጥሎ እጅ፤ እጁ የመኪናውን ግንባር ይዟል። መጨረሻ ላይ ፊት። እማማ ፋንታዬ ናቸው። ሸንኮራቸውን ጥለው መሐል መንገድ የገቡት ሊያስቆሙት ነው። ለምን እንደኮራ ሊጠይቁት።

መርክነህ በሩን ከፍቶ ወረደ ልበል ወይስ ወደቀ? እሳቸው ይንቀጠቀጣሉ፣ ግን አፋቸው አልተንቀጠቀጠም።

«ክላክስህ ነው የተበላሸው ወይስ እኛ ነን የተበላሸንብህ?» አሉት።

ክንዳቸውን ጨበጠ። ሥጋ ነው። ይሞቃል። ትከሻቸውን ነካ።

«ምን ትዳብሰኛለህ? አታውቀኝም?»

«አሁን ነው ያየሁሽ እማዬ» አለ። አለቀሰ። ከዚያ ቀና ሲል ገበያው በሙሉ መጣበት። አንድ በአንድ፤ ጥላቸው፣ ከዚያ እግራቸው፣ ከዚያ እነሱ። ዣንጥላዎቹ ሥር ተቀምጠው ያዩታል። አንዷ ሳቋን አቁማለች። ከመኪናው ውስጥ ተሳፋሪው ሁሉ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ይረግመዋል። እርግማኑ ደስ አለው። የሚራገም ፊት አየ።

ሰው አልገጨም። እግዚአብሔር ይመስገን። ግን ቁልፉን ለረዳቱ ሰጥቶ መንገድ ዳር ሲቀመጥ አንድ ጥያቄ ገባበት፤ ዛሬም ድረስ አልወጣለትም። ከዚያች ቀን በፊት በነዳባቸው ቀናት ስንት ሰው አጠገብ አለፈ? ስንቱ ዘሎ ተረፈ? ማን ይነግረዋል?

አሁን ወደናንተ ልምጣ።

ኮምፒዩተር ኃጢአት ነው ልትል ነው ያላችሁ አላችሁ። አልልም። ቤታችሁ ገብታችሁ የልጆቻችሁን ዕቃ ብትሰብሩ በኔ አታሳብቡ። ካርዷ ምንም አላጠፋችም። የታዘዘችውን ሠራች። ጥላውን አትሳዪ ተባለች፣ አልሳለችም። ሰውን አትሳዪ ተባለች፣ አልሳለችም። ያዘዘው ማነው?

እናንተስ ምን አዝዛችኋል?

ዛሬ ጠዋት ውኃ ያሞቀችላችሁ ልጅ ምን ለብሳ ነበር? አስታውሱ። አታስታውሱም። ድምፅዋን ሰምታችኋል፣ በሩ ሲከፈት ሰምታችኋል። እሷን ግን አላያችሁም። ለምን? ሰው ማየት ይከብዳል። እሷን ካያችሁ መታመሟን ታያላችሁ፣ ጫማዋ መቀደዱን ታያላችሁ፣ ትዘገያላችሁ። መዘግየት አትፈልጉም። ስለዚህ ቀነሳችሁ። ሥራው ፈጠነ፣ ቤቱ ለሰለሰ፤ «ጌታ ረድቶኛል፣ ሁሉ ነገሬ ቀንቷል» ብላችሁ እዚህ ቆማችሁ ትመሰክራላችሁ። ቀንቷችሁ ነው? ወይስ መንገዱን ባዶ አድርጋችሁት ነው?

በጓዳ የተኛች አማት ያላችሁ፣ ድምፅዋን የዘጋችሁባት፣ ለናንተ ነው የምናገረው። ወንድማችሁን ከተጣላችሁ ወዲህ በሱ ሰፈር ስታልፉ ቤቱን እንጂ እሱን የማታዩ፣ እናንተም ስሙ። እና እኛ አገልጋዮች! እኛ ነን የባስነው። ስንት ነፍስ መጣ ብለን ጥግ ላይ ያለችውን ቁጥር እናያለን። ቁጥሯ ከበዛ ደስ ይለናል። የአንዱንም ፊት አናውቅም።

እኛ ስላላየነው ሰው ይጠፋል? አይጠፋም። አለ። ይሄዳል፣ ይሻገራል፣ ይስቃል፣ ያለቅሳል። እግዚአብሔር አንዱንም ከፊቱ አላነሣም፤ ሁሉን ከነጥላው ያያል፤ ደግሞም አይቸኩልም። እኛ ስንሄድበት መሪው ሲንቀጠቀጥ ድንጋይ ነው እንላለን። እሱ ግን ማን እንደሆነ ያውቃል። በስሙ ያውቀዋል።

«ሰው!» ብሎ የሚጮህባችሁ ካለ፣ ሚስት ትሁን፣ ባል ይሁን፣ የተቆጣ ጎረቤት ይሁን፣ ከዓይናችሁ በፊት እሱን እመኑት። የታለ ብላችሁ አትከራከሩ። መጀመሪያ ቁሙ። ማየቱ በኋላ ይመጣል።

አሁን ጸሎት እናደርጋለን። ገና አትነሡ። ከጎናችሁ ወንበሩ ላይ ባዶ ቦታ አለ አይደል? ቦርሳችሁን ልታስቀምጡበት ያሰባችሁት። ቆዩ። እጃችሁን ዘርጉና ቀስ ብላችሁ ዳብሱት።

ቢሞቅ፣ ሰው አለበት።